በእንጨት በርሜል ስለሚከርመው ኮምጣጣ ቢራና ስለ አቀማመሱ

ባለፈው የትምህርት ዓመት ከመምህሮቻችን አንዱ ከቤልጂየም ሲመለሱ ስድስት ጠርሙስ ቢራ ይዘው መጡና ለአምስት ተማሪዎች አቀመሱን። ቢራው በብርጭቆ ሲቀዳ ጠይም ነው፤ ወደ መስኮት ሲያነሡት ግን ቀይ ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ የተጐነጨው ጓደኛችን ፊቱን አኰማትሮ «ይኼማ ተበላሽቷል» አለ። ሦስቱም አንድ በአንድ ቀምሰው ፍርዱን አጸኑት። እኔ ዝም አልሁ፤ ይኸውም ዕውቀት ኖሮኝ ሳይሆን፣ ሽታው በልጅነቴ ያበላሸሁትን አንድ ጋን ጠላ ስላስታወሰኝ ነው። መምህራችንም «የተበላሸና የከረመ በምን ይለያል? መልሱን ፈልጋችሁ አምጡልኝ» ብለው አሰናበቱን። ከዚህ በታች የተጻፈው ለዚያ ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ቢራው የተጠመቀው በምዕራብ ፍላንደርስ ሩሰላረ በምትባል ከተማ፣ በሮደንባኽ ጠመቃ ቤት ነው። ቤቱን በ1821 የያዙት አራት ወንድማማች ናቸው። ከእነርሱም አንዱ አሌክሳንደር ሮደንባኽ (1786–1869) በልጅነቱ ዓይኑ የጠፋ ሰው ሲሆን፣ ቤልጂየም ነጻነቷን ካወጀች በኋላ በ1830 በተሰበሰበው ብሔራዊ ጉባኤ አባል ነበረ፤ ስለ ዓይነ ስውራን ትምህርትም ጽፏል። የቢራን መልክ ሊያይ የማይችል፣ በአፍንጫውና በአፉ ብቻ የሚያውቀው ሰው ከባለቤቶቹ አንዱ መሆኑ፣ ስለ መቅመስ የሚጽፍ ሰው ዝም ብሎ ሊያልፈው የሚችል ነገር አይደለም። በ1836 ቤቱ ለፔድሮ ሮደንባኽና ለሚስቱ ለሬጂና ዋውተርስ ተላለፈ። ፔድሮ ወታደር ስለ ነበረ ጠመቃውን የመራችው እርሷ ናት ይባላል። ጠላ የሚጠምቁት እናቶቻችን መሆናቸውን ለምናውቀው ለእኛ ይህ አያስደንቅም።

አሠራሩ በመጀመሪያው ደረጃ ከሌላው ቢራ ብዙ አይለይም። ገብስ ይበቅላል፤ ብቅሉ ይደርቃል፤ ከፊሉም መልክ እንዲሰጥ ጠቆር እስኪል በእሳት ይታመሳል። ሆፕ የሚባለው የፈረንጅ ጌሾ ይገባበታል፤ ነገር ግን ጥቂት ነው። ሆፕ ቢራን ከማምረሩም በላይ ወተትን የሚያረጉትን የመሰሉ ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ ይከለክላል። ስለዚህ እንዲኮመጥጥ በሚፈለግ ቢራ ውስጥ ሆፕ ማብዛት እንግዳ ጠርቶ በር እንደ መዝጋት ይሆናል። ከዚያም እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ይህ የቀናት ሥራ ነው፤ ሌላው ቢራ ቢሆን ጥቂት ሰንብቶ ወደ ጠርሙስ ይገባ ነበር።

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ከቢራው ከፊሉ ፉደር ወደሚባሉ ከኦክ እንጨት ወደ ተሠሩ ትልልቅ በርሜሎች ይተላለፋል። (ኦክ በአማርኛ መጻሕፍት ባሉጥ የሚባለው ዛፍ ነው።) በሮደንባኽ ቤት 294 ፉደሮች ቆመዋል። ትንሹ 120 ሄክቶሊትር ያህል ሲይዝ ትልቁ እስከ 650 ሄክቶሊትር፣ ማለት 65,000 ሊትር ይይዛል። ከመካከላቸው ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገሉ ብዙዎች አሉ፤ እነርሱን የሚጠግኑ በርሜል ሠሪዎችም በቤቱ ውስጥ ተቀጥረው ይሠራሉ። ቢራው በዚያ ሁለት ዓመት ያህል ይከርማል።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት በእንጨቱ ውስጥ የሚሠሩት በተለይ ሦስት ዓይነት ረቂቅ ሕያዋን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ አየር አያስፈልጋቸውም፤ የእርጎ ኮምጣጣነት የሚመጣውም ከዚሁ አሲድ ነው። ሁለተኛው ብሬታኖማይሲስ የሚባል የእርሾ ዘመድ ነው። የተለመደው እርሾ ሊበላው ያልቻለውን የስኳር ቅሬታ ቀስ እያለ ይበላል፤ አሲድንና አልኮልን በማጋጠምም የፍሬ ሽታ ያላቸውን ውሁዶች ለማስገኘት ይረዳል። ሦስተኛዎቹ አልኮልን ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ማለት ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህ ያለ ኦክሲጅን ሊሠሩ አይችሉም። የከረመውና የተበላሸው የሚለያዩት በአብዛኛው በእነዚህ በሦስተኛዎቹ ምክንያት ስለ ሆነ፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ይፈቀድልኝ።

አክስቴ ደሴ ላይ ጠላ ሸጠው ነው ያሳደጉኝ፤ ደብተሬም የሚገዛው በዚያው ገንዘብ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ ለገበያ ቀን የተጠመቀ አንድ ጋን ጠላ ጓዳ ውስጥ አፉ ተመርጎ ተቀምጦ ነበር። ጣዕሙን ለማየት ጐጉቼ ምርጊቱን በአንድ በኩል ፈለፈልሁና በሸንበቆ መጠጥሁለት፤ ከዚያም ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፌ ሄድሁ። ከአምስት ቀን በኋላ ጋኑ ሲከፈት ሽታው ጓዳውን ሞላው። አክስቴ ጠላውን አልቀመሱትም፤ አሸተቱትና ዘወር ብለው እኔን አዩኝ። አልመቱኝም። ጠላው ግን በሙሉ ተደፋ፤ ለሚቀጥለው ጥንስስ የሚሆነው እህል በዱቤ ተገዛ፤ ዱቤውም እስከ ፋሲካ ድረስ ተከፍሎ አላለቀም።

በዚያን ጊዜ የሠራሁት ነገር በኬሚስትሪ ቋንቋ ሲነገር፣ ለሦስተኛዎቹ ባክቴሪያዎች ኦክሲጅን ማስገባት ነው። የኦክ በርሜልም ቢሆን ፈጽሞ አየር አያስገባም ማለት አይደለም፤ በእንጨቱና በሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ጥቂት ይገባል። ነገሩ በመጠኑ ላይ ነው። በርሜሉ ትልቅ የሚደረግበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለት በርሜሎች ቅርጻቸው አንድ ዓይነት ሆኖ አንዱ 225 ሊትር፣ ሌላው 20,000 ሊትር ቢይዝ፣ ለአንድ ሊትር ቢራ የሚደርሰው የእንጨት ፊት በትንሹ በርሜል ውስጥ በትልቁ ካለው አራት እጥፍ ተኩል ያህል ይሆናል። (የዕቃው ፊት ስፋት በጎኑ ርዝመት ካሬ፣ ይዘቱ ግን በኪዩቡ ስለሚያድግ ነው፤ የሚጠራጠር በእርሳስ ይሞክረው።) የእንጨቱ ውፍረት ሳይቆጠር እንኳ፣ በትልቁ ፉደር ውስጥ ያለው ቢራ በትንሹ ውስጥ ካለው እጅግ ያነሰ አየር ያገኛል ማለት ነው። ስለዚህ ላክቲክ አሲዱ በጸጥታ ይበዛል፤ ኮምጣጤው ግን ለሽታ ያህል ብቻ ይኖራል። የእኔ ጋን ይህን የመሰለ ልከኛ እስትንፋስ አልነበረውም፤ እኔ ቀዳዳ ነው ያበጀሁለት።

እንደዚህም ሆኖ ሁሉም ፉደር እኩል አይወጣም። በአንድ ቀን ተጠምቆ በሁለት ጎረቤት ፉደሮች የተገለበጠ አንድ ዓይነት ቢራ ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለት ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ አንዱ ለስላሳ፣ ሌላው ጥርስ የሚያጠርስ። ስለዚህ የመጨረሻው ሥራ የሚፈጸመው በሰው አፍ ነው። ቀማሹ በየፉደሩ እየዞረ ይቀምስና የከረመውን ከለጋው ቢራ ጋር ያዋሕዳል። ሮደንባኽ በሚለው በተራ ስሙ በሚሸጠው ጠርሙስ ውስጥ የከረመው ሩብ ያህል፣ ለጋው ሦስት ሩብ ያህል ነው፤ አልኮሉም 5.2 በመቶ ነው። ግራን ክሩ በሚባለው ግን ሁለት ሦስተኛው የከረመ ሲሆን አልኮሉ 6 በመቶ ነው። ከዚህም ሌላ ቪንቴጅ የሚባል አለ፤ ይህ የተመረጠ የአንድ ፉደር ቢራ ሆኖ 7 በመቶ አልኮል አለው። በእኔ አስተያየት ጥበቡ ያለው በማስከረሙ ብቻ ሳይሆን በማዋሐዱ ላይ ነው። የለጋው ጣፋጭነት የከረመውን አሲድ አይቀንሰውም፤ ምላስ ግን እንዲታገሠው ያደርጋል።

ይህ አሠራር በፍላንደርስ ብቻ የተወለደ አይደለም። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች ፖርተር የሚባለውን ጥቁር ቢራ በታላላቅ የእንጨት ገንዳዎች ያስከርሙ ነበር። የገንዳዎቹን ታላቅነት ለማወቅ በጥቅምት 1814 በለንደን የደረሰውን አደጋ ማስታወስ ይበቃል። አንድ የፖርተር ገንዳ ፈንድቶ የጐረፈው ቢራ በአካባቢው የነበሩ ስምንት ሰዎችን ገደለ። ዘግየት ብሎ ከቤተ ሰቡ ኡዤን ሮደንባኽ ወደ እንግሊዝ ሄዶ የማስከረምንና የማዋሐድን ጥበብ አጥንቶ ተመለሰ። እንግሊዞች ራሳቸው ይህን ልማድ እየተዉት ሲሄዱ፣ ከእነርሱ የተማረችው ሩሰላረ እንደ ያዘችው ቆየች።

የሳይንስ ሊቃውንትም በጉዳዩ ላይ አንድ ቃል አልነበሩም። ሉዊ ፓስተር በ1876 ባሳተመው የቢራ ጥናቱ መኮምጠጥን ከቢራ በሽታዎች ቈጥሮታል። በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቤት ኤሚል ክርስቲያን ሐንሰን በ1883 ንጹሕ የእርሾ ዘር ለብቻው ካራባ በኋላ፣ ዘመናዊው ጠመቃ ከአንድ እርሾ በቀር ሌላ ነፍስ እንዳይገባ መከላከል ሆነ። ነገር ግን እዚያው ካርልስበርግ ይሠራ የነበረው ክላውሰን በ1904 እንደ ገለጸው፣ የከረመው የእንግሊዝ ቢራ የራሱ የሆነ ጣዕም የሚያገኘው በኋላ ከሚነሣ ከሌላ እርሾ ነው። ስሙንም ብሬታኖማይሲስ፣ ማለት የብሪታንያ ፈንገስ አለው። በአንዱ ቤት በሽታ የተባለው በሌላው ቤት ደመወዝ እንደሚበላ ሠራተኛ ተቈጠረ። ፓስተር ተሳስቷል ማለቴ አይደለም፤ ሳይፈለግ የኮመጠጠ ቢራ ለጠማቂው በሽታ ነው፤ አክስቴን ጠይቁ።

አሁን ወደ መቅመሱ ልመለስ። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ከመጽሐፍ የተማርሁት የምላስ ካርታ ነበር፤ ጣፋጭ በጫፉ፣ ኮምጣጣ በጎኖቹ፣ መራራ በሥሩ ይታወቃል ይላል። ለፈተናም ሥዬው ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ካርታው ግን ስሕተት ነው። መነሻው ጀርመናዊው ሄኒግ በ1901 ያሳተመው ጥናት ሲሆን፣ እርሱ ያገኘው ልዩነት ጥቂት ነበር። አሜሪካዊው ቦሪንግ በ1942 በመጽሐፉ ውስጥ በሥዕል ሲያቀርበው ልዩነቱ ታላቅ መሰለ፤ ከዚያ ወዲያ መማሪያ መጻሕፍት ተቀባበሉት። በ1974 ቨርጂኒያ ኮሊንግስ እንደ ገና መርምራ ልዩነቱ ከቁም ነገር የማይገባ መሆኑን አሳየች። ኮምጣጣ በምላስ ዙሪያ ሁሉ ይታወቃል።

ታዲያ ቀማሽ እርጎውን ከኮምጣጤው በምን ይለያል? በአፍንጫው ነው። ላክቲክ አሲድ አይተንም ማለት ይቻላል፤ ሽታው እምብዛም ነው። አሴቲክ አሲድ ግን ይተናል፤ ከብርጭቆው ወደ አፍንጫ፣ ከጉሮሮም በውስጥ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል። ይህን ማንም በራሱ ሊያረጋግጠው ይችላል። አፍንጫን በጣት ይዞ አንድ ጉንጭ መውሰድ፣ ቢራውን በአፍ ውስጥ ማዞር፣ ከዚያም አፍንጫን መልቀቅ ነው። አፍንጫ ተይዞ ሳለ የሚሰማው መኮምጠጥ ብቻ ነው፤ ሲለቀቅ ኮምጣጤው፣ ፍሬው፣ እንጨቱ በአንድ ጊዜ ይገባል። እኛ አምስታችን ይህን ስናደርግ በመስኮት ያየን ሰው ምን እንዳሰበ አላውቅም።

ስለ ቅዝቃዜው፦ ከበረዶ ሣጥን እንደ ወጣ መጠጣት የለበትም፤ ብርድ ሽታውን ያፍነዋል። ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን መልካም ነው። ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። ሁለት ዓይነት ካለ፣ ለጋው የበዛበት ይቀድማል፤ ተገልብጦ ቢሆን ሁለተኛው ውሃ ይመስላል። በመካከሉ ደረቅ ዳቦና ውሃ ይበቃል። ከሁሉ በላይ ግን በመጀመሪያው ጉንጭ መፍረድ አይገባም። የተለመደው ቢራ ፒ ኤች 4.3 ገደማ ሲሆን እንዲህ ያለው 3.4 አካባቢ ይደርሳል፤ ይህም በሃይድሮጅን አዮን ሲቈጠር ስምንት እጥፍ ያህል ነው። ቢራ ነው ብሎ የተዘጋጀ አፍ በዚህ ይደነግጣል። ከዚያ ምራቅ ይመጣል፤ አሲዱንም ያለዝበዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጉንጭ የቼሪ ፍሬ፣ ዘቢብና ኮምጣጣ ፖም የሚመስለው ይሰማል፤ ከተዋጠም በኋላ ያልበሰለ ሙዝ እንደሚያደርገው ድድን ጥቂት የሚይዝ ነገር ይቀራል። «ተበላሽቷል» ያለው ጓደኛችን በአራተኛው ጉንጭ ላይ ጠርሙሱን አንሥቶ ጽሑፉን ማንበብ ጀመረ።

መበላሸት የሚባለው ግን በእርግጥ አለ። ሽታው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከመሰለ፣ ወይም ከተዋጠ በኋላ ጉሮሮን ከቧጠጠ፣ አየር በዝቶበታል። በእኛ ቤት ለዚህ ሁለት ቃል ነበረን። ሌላ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሊናገር ይችላል፤ አክስቴ ግን «ኮመጠጠ» ያሉት ጠላ ዋጋው ቀንሶ ይሸጥ ነበር፤ «ሆመጠጠ» ያሉት ለሰው አይቀርብም። ላክቲክና አሴቲክ የሚሉትን ቃላት በቤተ ሙከራ ስማር፣ ነገሩን ቀድሞ የማውቀው የመሰለኝ በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነቱን የሚያገኙትም ጋኑን ሲከፍቱ በማሽተት ነበር እንጂ በመቅመስ አልነበረም።

ጠይምና ኮምጣጣ የሆነ ቢራ ሁሉ በእንጨት የከረመ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በምሥራቅ ፍላንደርስ የአውደናርደ ከተማ ቡናማ ቢራ ይኮመጥጣል፤ ነገር ግን የሚቆየው በብረት ዕቃ ስለ ሆነ የኮምጣጤውና የእንጨቱ ጠረን የለውም። በቪኽተ የሚጠመቀው ዱሼስ ደ ቡርጎኝ ደግሞ በኦክ የከረመ ሲሆን ጣፋጭነቱ ከሮደንባኽ ይበልጣል፤ ለእኔ በዝቶብኛል። አሠራሩ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካም ደርሷል። በሮደንባኽ ይሠራ የነበረው ፔተር ቡካርት በ1996 በኮሎራዶ ፎርት ኮሊንስ ወደሚገኘው ኒው ቤልጂየም ወደሚባለው ጠመቃ ቤት ሄዶ፣ ላ ፎሊ የተባለውን ጠይም ኮምጣጣ ቢራ በዚያ አስጀመረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትንንሽ ጠማቂዎች ይህን መንገድ ተከትለዋል። ፉደር የማይችሉትም የወይን ጠጅ ያረፈባቸውን 225 ሊትር የሚይዙ በርሜሎች ይገዛሉ። ከላይ ያለውን ስሌት ያየ ሰው ለምን ብዙ ጊዜ ኮምጣጤ እንደሚበዛባቸው ይገባዋል።

መምህራችን መልሴን ካነበቡ በኋላ የተረፈውን አንድ ጠርሙስ ግራን ክሩ ሰጡኝ። ለክረምት ዕረፍት ደሴ ስገባ ይዤው ሄድሁ። አክስቴ እንደ ልማዳቸው አስቀድመው አሸተቱ፤ ከዚያ ተጐነጩ፤ ጥቂት ቆይተው ደገሙ።

«ይኼ ተከድኖ የከረመ ነው» አሉ። «ያንተ እኮ ተከፍቶ ያደረ ነበር።»

ያን ነገር ከሆነ ጀምሮ በአፋቸው ሲያነሡት የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያም «ስንት ጋን አላቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለት መቶ ዘጠና አራት መሆኑን፣ አንዳንዱም ይህን ቤት እንደሚያህል ነገርኋቸው። ብርጭቆውን አስቀምጠው ወደ ጓዳው ዞር ብለው አዩና፣

«ማን ያጥባቸዋል?» አሉ።